ኅዳር የአዜብ ተራ ነው

ቅዳሜ፣ መስከረም 14 ቀን 2009

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። ያለፈው ግማሹ ባዶ እንደሆነ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ ስለዚህኛውም አልምልም።

ጠዋት ጋሽ አድማሱ ደወሉ። ጋሽ አድማሱ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢው፣ ናቸው። እዚህ አሜሪካ፣ ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር የመኪና ማቆሚያ ያስተዳድራሉ፤ ሲናገሩ ደግሞ አፍ ያስከፍታሉ። "ለተ፣ ዕድሜሽን ሙሉ የፈረንጅ ልጅ ስታስተምሪ ኖረሽ ሪታየር አደረግሽ። አሁን ደግሞ የኛን ልጆች አስተምሪያ!" አሉኝ። ወጣቶቹ በአሜሪካ ምርጫ ምክንያት ፋሺስት፣ ናዚ እየተባባሉ ይሰዳደባሉ፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ የለም። የአበሻ ሱቆች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ ካለው ሬስቶራንት ጀርባ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ እየዘለልን አራት ትምህርት። ርዕሱ፦ ፋሺዝምና ናዚዝም በሁለቱ ጦርነቶች መካከል እንዴት ተነሡ። ሳይጨርሱ እሺ አልኩ። ደስ ብሎኛል፣ ምን እደብቃለሁ። ኮሌጁን ከለቀቅሁ ወዲህ የሚሰማኝ ሰው የለም። ልጄ ሃይሚ እንኳ ሎንግ ቢች ሆስፒታል ስትሠራ ውላ ስትመጣ እያወራኋት ነው የምትተኛው።

ከዚያ የጓደኛዬ የአዜብ ሱቅ፣ ከሬስቶራንቱ ማዶ። እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ እንጀራና በርበሬ ገዛሁ፣ እንደ ሁልጊዜውም ተጨቃጨቅን። ኅዳር ሚካኤል ዘንድሮ የሷ ተራ ነው። ጠላውን ራሴ ካልጠመቅሁ ትላለች፤ ወገቤን ያመኛል ስትዪ አልነበር ወይ እላታለሁ። ማኅበሩን የጀመርነው ፓልምስ ሰፈር፣ ሁለታችን ስንኖርባት በነበረችው ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ጽዋችን የፕላስቲክ ጆግ ነበር። ካህኑ አይተው ሳቃቸው ሲያመልጣቸው አዜብ "አባቴ፣ ሚካኤል ያለንበትን ያውቃል" አለቻቸው። ባሏ የማነ ይህን ታሪክ በየዓመቱ ያወራዋል፣ እኛም በየዓመቱ እንስቃለን።

ሐሙስ፣ መስከረም 19

ቫይበር ላይ የድምፅ መልእክት መጣ። ሦስት ሰው ላከልኝ። አንድ ወንድ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፦ አገር ቤት ሥልጣኑን የያዙት ሰዎች ወገኖች እዚህ መሐላችን ሱቅ ከፍተው ይነግዳሉ፤ ከነሱ የምትገዙበት ዶላር ጥይት ሆኖ ይመለሳል፤ ከማን እንደምትገዙ እወቁ።

አዜብ የተወለደችበትን አካባቢ ሰዎች ማለቱ ነው። ዘራቸውን የሚጠራበትን ቃል እዚህ ደብተር ላይ አልጽፈውም። ሠላሳ ዓመት ሳንጠራራበት ኖረናል።

ድምፁን የማውቀው መሰለኝ። አይደለም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 21

ጥሩ ዋለ! ሰው ቆሞ ሁሉ አዳመጠ። በጣልያን ጀመርኩ፦ ከመጀመሪያው ጦርነት ተመልሰው ሥራ ያጡ ወታደሮች፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው የገበሬዎችን ማኅበር ቤት የሚያቃጥሉ፣ ተቃዋሚያቸውን ይዘው የጉሎ ዘይት በግድ የሚያጠጡ። ዘይቱ ምን እንደሚያደርግ ስናገር አዳራሹ ሳቀ። ተማሪዎቼም እዚህ ላይ ይስቁ ነበር። "አዎ፣ ያኔም ተስቋል፤ ሰውዬው በሰው ፊት ስለተዋረደ ጎረቤቱ ሳቀበት፣ በነጋታውም አብሮት መታየት አፈረ" ስላቸው ሳቁ ቆመ። ሮም ላይ ንጉሡ ሠራዊቱን የሚያሰማራውን አዋጅ አልፈርምም ብሎ ሙሶሊኒን ራሱ ጠርቶ እንደሾመው ነገርኳቸው። ሰውዬው እንደሚወራው ዘምቶ አልገባም፤ በባቡር አልጋ ተኝቶ ነው የመጣው።

አዜብ ጋ ፓርኪንግ አጣሁ። ከመንገዱ ላይኛው ጫፍ አዲስ ከተከፈተው ሱቅ እንጀራ ገዛሁ።

ሰኞ፣ መስከረም 23

ትናንት ቢሾፍቱ፣ ኢሬቻ ላይ። ስንት ሰው እንደሞተ አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ። ቪዲዮውን ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። ፌርፋክስ ላይ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ። ንዴቱ እውነተኛ ንዴት ነው፤ የሚያናድድ ነገር ነው የተደረገው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 2

አገር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። ሬስቶራንቱ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች፦ "አሁንም እሷ ጋ ትሄጃለሽ እንዴ?" "ኧረ! ሰው ቢያየኝስ?" ዞር ብዬ ማን እንደሆኑ አላየሁም። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ቸኩዬ ነበር።

አዜብ እኮ ከአገር የወጣችው ከኔ በፊት ነው፤ በእግሯ፣ በሱዳን፣ እነዚህ ሰዎች ሥልጣን ሳይይዙ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 5

ሁለተኛው ትምህርት፣ ጀርመን። በ1928 ምርጫ ናዚዎች ከመቶ ሦስት እንኳ አልሞሉም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሠላሳ ሰባት ሆኑ። መሐል ላይ ሥራ ጠፋ፣ ረኀብ መጣ፣ ጥፋተኛ ተፈለገ። "ልብ በሉ" አልኩ፣ "በነጻ ምርጫ ግማሹን እንኳ አግኝተው አያውቁም። ሥልጣኑን ያስረከቧቸው 'እንቆጣጠራቸዋለን' ያሉ የተከበሩ ሽማግሌዎች ናቸው።" ጋሽ አድማሱ ከፊት ወንበር ሆነው ራሳቸውን በመስማማት ይነቀንቁ ነበር።

ፓርኪንግ ዛሬም የለም። አዲሱ ሱቅ።

ማታ አዜብ ደወለች። "ጠፋሽ!"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው እባክሽ።"

"ሪታየር አድርገሽ?" ሳቅን። ከዚያ "ዛሬ መኪናሽን አየኋት። ስሎው አለችና አልፋ ሄደች" አለች።

"ፓርኪንግ አጥቼ እኮ ነው።"

"ኦኬ።"

ኦኬዋ አጭር ነበረች። ደክሟት ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

የጥቅምት ሚካኤል ማኅበርተኛችን ሰብሊ ቤት ነበር። አዜብ የኅዳሩን ጽዋ እዚያ ትረከባለች። አልሄድኩም። የሳምንቱን ትምህርት ማዘጋጀት ነበረብኝ፣ ጉሮሮዬንም እየከረከረኝ ነው።

ሃይሚ ሄዳ መጣች። እንዴት ነበር ብላት "አጭር" አለችኝ። አዜብ ጽዋውን ስትቀበል እልል ያለችው ሰብሊ ብቻ ናት አለችኝ።

ጉሮሮዬ ማታ ተሻለው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19

ሦስተኛው ትምህርት። ብዙ የደከምኩበት ይኼኛው ነው። የፓርላማው ቃጠሎ፣ በማግሥቱ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ (እዚህ ላይ ሰው እርስ በርሱ ተያየ)፣ ከዚያ ኤፕሪል 1 ቀን 1933። ቅዳሜ ነበር። ቡናማ ሸሚዝ የለበሱት በየአይሁድ ሱቅ በር ላይ ሰሌዳ ይዘው ቆሙ፦ ከአይሁድ አትግዙ። እየገፉ ገብተው የገዙ ሰዎች ነበሩ። የሚበዛው ግን አልገባም። በአዋጅ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ሃይሚ እጇን አወጣች። "እማዬ፣ ሶ ናዚ ያልሆነው ሰውስ? ኔበሩ፣ ጎረቤቱ? እሱ ምን አደረገ?"

"ምንም" አልኩ። "ክፉ ሰው አልነበረም። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰላም ይላቸው ነበር። ብቻ ከሌላ ቦታ ገዛ።"

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ዓይናቸውን አዞሩ። ወደኔ ሳይሆን ወደ ወንበሬ ነበር የሚያዩት። ወንበሬ ላይ ያለው ከአዲሱ ሱቅ የገዛሁት እንጀራ ነው፣ ስሙ በትልቁ በቀይ የተጻፈበት ፌስታል ውስጥ። ከዚያ ማንም ጥያቄ አልጠየቀም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሰዓቱ ሄዶ ይሆናል።

እሑድ፣ ጥቅምት 20

ገብቶኝ ነበር። ትናንት የጻፍኩትን ልቀድደው አሰብኩና ተውኩት፤ ይቀመጥ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስንመለስ ሃይሚ መኪናዋን እየነዳች "ለመሆኑ የአዲሱ ሱቅ እንጀራ ይጣፍጣል?" አለችኝ።

"ይኮመጥጣል።"

"ታዲያ?"

መንዳቷን ቀጠለች። እኔም እስከ ቤት ድረስ መስኮት መስኮቱን ሳይ ሄድኩ።

አሁን ልጻፈው። ፓርኪንግ አጥቼ አላውቅም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀስ አልኩ፤ ማዶ ሬስቶራንቱ በረንዳ ላይ የማውቃቸው ሰዎች ተቀምጠው ነበር፣ እግሬ ነዳጁን ረገጠ። ማንም አላስፈራራኝም። በሯ ላይ ሰሌዳ ይዞ የቆመ ሰው የለም። ሰው ያየኛል ብዬ ብቻ ነው። ጥቅምት ሚካኤል የቀረሁትም በጉሮሮ አይደለም። የዚያን የድምፅ መልእክት ባለቤትም መጀመሪያ ቀን አውቄዋለሁ፤ ያን አንደበት ማን ይስተዋል? እያወቅሁ ጋሽ አድማሱን ፊት ወንበር አስቀምጬ አስተማርኳቸው፣ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለ ጀርመን ጎረቤት አወራሁ።

ትልቁን ነገር ከትንሹ አላምታታም። ሂትለር ፌርፋክስ ላይ የለም፣ ካምፕም የለም። አንዲት ሴት እንጀራ የሚገዛት አጥታ ተቀምጣለች፤ ይኸው ነው። ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት እንዴት እንደሚጀመር ነው፣ ሲጀመር ደግሞ እዚያው ነበርኩ። አፍሬያለሁ። ነገ እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 21

ሄድኩ። ልክ በሯ ላይ አቆምኩ። አዜብ በርበሬ እየመዘነች ነበር። የማነ ጋዜጣው ውስጥ ገብቷል፣ ቀና ብሎ አላየኝም።

"ፓርኪንግ አገኘሽ?" አለች።

"አገኘሁ።"

"እኔ በር ላይ ሁልጊዜ አለ። ከመስከረም ወዲህ ባዶ ነው።"

ከመደርደሪያው እንጀራ ማንሳት ጀመርኩ፤ አንድ እሽግ፣ ሌላ እሽግ፣ ሌላ። መጥታ ከእጄ ቀማችኝና አንዱን ብቻ ሰጠችኝ። "እንደ ድሮሽ ውሰጂ። ማዘንሽን አልፈልገውም።"

ይቅርታ አልኳት። በርበሬዋን መመዘኗን ቀጠለች። ከዚያ ጽዋውን ልትመልስ እንደሆነ ነገረችኝ። "ጠላ ጠምቄ ለየማነ ብቻ ላጠጣው? ማን ይመጣል?"

"እኔ እመጣለሁ።"

"ጥቅምት ላይ የት ነበርሽ?"

ከሁሉም ይቺ ገደለችኝ። "አዜብ፣ አትመልሺው" አልኳት፣ "ለኔ ስትዪ አይደለም። አትመልሺው ብቻ።" የማነ ጋዜጣውን አጠፈ። "አትመልስም" አለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 24

ጋሽ አድማሱ ደወሉ። ኅዳር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሁን፣ ጽዋውን አዜብ ታስረክብ። "ለራሷ ሴፍቲ ብለን ነው እኮ፤ ሰው ስሜታዊ ሆኗል" አሉ።

"ጋሽ አድማሱ፣ ጽዋ ከተረኛ እጅ የሚወሰደው ሞት ወይ ሕመም ሲኖር ነው። ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ደግሞ በ1933 ሰው ሲያስሩ ምክንያቱን ለራሱ ጥበቃ ነው ይሉት ነበር።"

"እኔን ናዚ ልትዪኝ ነው?"

"አላልኩም። የቫይበሩ ድምፅ የእርስዎ ነው ግን እላለሁ።"

ድምፃቸው ተሰበረ፦ "የወንድሜ ልጅ ታስሯል። የት እንዳለ እናቱ አታውቅም። ገብቶሻል?"

አንጀቴን በሉኝ። እውነት ነው፣ በየእስር ቤቱ እየዞረች ትፈልገዋለች። "እግዜር ያስፈታው" አልኳቸው፣ ከልቤ ነው። "ግን አዜብ ናት ያሰረችው?"

ስልኩ ተዘጋ። ቦታው አይቀየርም። በተራው ይሆናል፣ በተረኛዋ ቤት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 30

የአሜሪካ ምርጫ አለቀ፤ ስደተኛ ይውጣ ያለው አሸነፈ። ሃይሚ ስታለቅስ አድራ ሥራ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ አድማሱ። ተኳርፈን ነበር፤ ቢሆንም ደወሉ። አሥር ዓመት ሙሉ መኪናውን ያቆሙለት ደንበኛ ቁልፉን ወርውሮላቸው "ሻንጣችሁን ፓክ ማድረግ ጀምሩ" ብሎ ስቆ ሄደ። "ገና በማግሥቱ፣ አየሽ፣ የማውቀው ሰው! ልጁን እኮ በስሙ እጠራዋለሁ" ይሉኛል። በጣም አዘንኩላቸው፤ ያንን ሰው ባገኘው አላውቅም ምን እንደማደርገው።

"አዜብስ?" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ያ ሌላ ነው።"

"በምን?"

"ለተ፣ ዛሬ ተዪኝ።"

ተውኳቸው። ለዛሬ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 3

የመጨረሻው ትምህርት። ጣልያን እኛን ሲወርር፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ጄኔቭ ላይ ስብሰባ ሲቀመጥ፣ የመርዝ ጋዙ። ሰው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ በኛ ላይ የደረሰውን መስማት እንወዳለን። ጨርሼ ሁሉም ሊያጨበጭብ ሲል እጄን አነሣሁ።

"አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባለፈው ጊዜ ከሌላ ቦታ የገዛው ጎረቤት ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ፌስታሉን አይታችሁታል። ኅዳር ሚካኤል የሚውለው ሰኞ ስለሆነ የምንሰበሰበው በዋዜማው እሑድ ነው፣ ፓልምስ፣ አዜብና የማነ ቤት። ተራቸው ነው።"

ማንም አላጨበጨበም። ጋሽ አድማሱ ተነሥተው ወጡ። ወንበሩን ይዤ ቆምኩ፤ ሃይሚ መጥታ ወረቀቶቼን ሰበሰበችልኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 11

ደክሞኛል፣ ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ሳሎኗን ግማሽ እንኳ አልሞላነውም። አዜብ የደገሰችው ለሁሉም ነው፤ ድስቱ ከምድጃው አልፎ መሬት ላይ ተደርድሯል። የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ጠላው ግሩም ነበር። ወገቧን ይዛ ትሄዳለች፣ አላፌዝኩባትም። ሰብሊ መጥታለች። ያልጠበቅኋቸው ባልና ሚስትም ዘግይተው ገቡ፤ መኪናቸውን ራቅ አድርገው ነበር ያቆሙት። ምንም አላልኩ። እኔ ማን ሆኜ?

ከዚያ ጽዋውን ማስረከቢያው ደረሰ። ታኅሣሥ የጋሽ አድማሱ ተራ ነው፣ ጋሽ አድማሱ ደግሞ የሉም። አዜብ ጽዋውን ታቅፋ መሐል ላይ ቆመች። የሚረከብ ከሌለ ማኅበሩ እዚህ ላይ አበቃ ማለት ነው። ሁላችንም ምንጣፉን እናያለን።

"እኔ እወስደዋለሁ" ብዬ ተነሣሁ።

"ቁጭ በዪ፣ አንቺ ተረኛ አይደለሽም" አለችኝ። ቀዩን ጨርቅ አለበሰችው፣ ነጠላዋን አስተካከለች። "ለተ፣ ቁልፍሽን አምጪ። አንቺ ድራይቭ ታደርጊያለሽ።"

"ወዴት?"

"ተረኛው ካልመጣ ወደ ተረኛው ነዋ።"

ጠላ ያለበትን ጽዋ ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ በየትራፊክ መብራቱ ቀስ ብዬ ነበር የማቆመው። ሌሎቹ ከኋላችን ተከተሉን። የማነ መኪና ውስጥ ቀረ፤ "እኔ ካየኋቸው እናገራለሁ" አለ።

በሩን ያንኳኳችው ራሷ ናት። ጋሽ አድማሱ በነጠላ ጫማ ከፈቱ። አዜብን አዩ፣ ጽዋውን አዩ፣ ከኋላዋ የቆምነውን አዩ። ያ አንደበት ጠፋ።

"አዜብ… ቤቱ አልተዘጋጀም" አሉ።

"ጽዋ ለማሳደር ምን ዝግጅት ያስፈልጋል? ታኅሣሥ የእርስዎ ተራ ነው።"

በሩን እንደያዙ ቆዩ። የሚዘጉት መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ። በካልሲ ወደ ደጅ ወጥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"ለሚካኤል ብዬ ነው" አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

"ለሚካኤል ነው እንጂ፣ ለእርስዎማ ማን ያመጣል" አለቻቸው።

ሲቀበሏት ጽዋው ዘመም ብሎ ጠላው እጅጌያቸው ላይ ፈሰሰ። ሰብሊ እልል አለች፣ ሃይሚም ተከተለቻት፣ ማዶ ያሉት ፈረንጆች መጋረጃቸውን ገለጡ። ጋሽ አድማሱ ግቡ አላሉንም። እኛም አልጠበቅንም።

መኪና ውስጥ አዜብ አለቀሰች፤ በዚህ ነገር ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እኔም መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠራርጋ "ንጂ እንጂ፣ ምግቡ ይበላሻል" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 17

ጾም ገብቷል። አዲስ ነገር የለም፤ የጋሽ አድማሱ የወንድም ልጅ አልተፈታም፣ እኔንም ገና አላናገሩኝም። የታኅሣሡን ጥሪ ግን ለማኅበርተኛው ሁሉ ልከዋል፤ አዜብም ደርሷታል። የቫይበሩ ድምፅ አሁንም ይዞራል።

እንጀራ ልገዛ ወጣሁ። አዜብ በር ላይ ሁለት መኪና ቆሟል። አንዷ የሰብሊ ናት፣ ሌላዋን አላውቃትም። ዞሬ መጣሁ፣ አልተነቃነቁም። እንደገና ዞርኩ።

ዛሬ በእውነት ፓርኪንግ አጣሁ። ከኦሊምፒክ መንገድ ማዶ አቁሜ በእግሬ ሄድኩላት።